የካሳሁን ግራር

ጋሼ ካሳሁን ያን ዛፍ ይወዱት ነበር ወይስ እልህ ብቻ ነው የያዛቸው? አጥር ለአጥር ነው ያደግሁት፤ በቆርቆሮው ቀዳዳ ብዙ ነገራቸውን አይቻለሁ፤ ይህን ግን መመለስ አልችልም። አንድ ቀን ሚስታቸውን እትዬ ሐረገወይንን ብጠይቃቸው፣ «እሱ? እኔንስ ይውደደኝ አይውደደኝ መች ነግሮኝ ያውቃል?» አሉና ሽንኩርታቸውን መክተፍ ቀጠሉ።

ዛፍ ወዳድ እንዳልነበሩ ግን እርግጠኛ ነኝ። እትዬ ሐረገወይን የተከሏት ፓፓያ የሞተችው ጋሼ ካሳሁን የአይሱዙውን ቃጠሎ ዘይት እግሯ ሥር ስለደፉባት ነው። ማንጎዋ ደግሞ መኪናው ወደ ኋላ ሲመለስ ከሥሯ ተነቅላ ቀረች። በሁለቱም ጊዜ የተናገሩት አንድ ነው፤ «እዚያ ማን ትከሉ አላችሁ?»

ሥራቸው ፍየል ማመላለስ ነው። ከአፋር ወሰን ገበያዎች ይጭናሉ፣ ደብረ ብርሃን ያራግፋሉ፣ ባዶውን ወደ ሸዋ ሮቢት ይመለሳሉ። ፍየል ደግሞ በቀን አይጫንም። በእኛ ፀሐይ ካሶኒ ላይ ተጠቅጥቆ የቆመ ፍየል የደብረ ሲናን ዳገት ሳያይ ይሞታል፤ ነጋዴው ደግሞ ለሞተው ፍየል የሚጣላው ከፀሐይ ጋር ሳይሆን ከሹፌሩ ጋር ነው። ስለዚህ ጀንበር ስትጠልቅ ይወጣሉ፣ ጎህ ሲቀድ ይገባሉ። ረዳት የላቸውም። ብዙ ሞክረው ነበር፤ ሁሉም በየሳምንቱ ጠፉ። አንደኛውማ ጋቢና ውስጥ ከሳቸው ጋር ከመቀመጥ ኋላ ከፍየሎቹ ጋር መቆም ይሻለኛል ብሎ ነበር አሉ።

ችግራቸው እንቅልፍ ነው። ሌሊት የሠራ ሰው ቀን መተኛት አለበት፤ ሸዋ ሮቢት ደግሞ ቀን የሚያስተኛ ከተማ አይደለም። በአውቶቡስ የሚያልፍ ሰው ሙቀታችንን የሚያውቀው ጋቢውን አጣጥፎ እስኪቀመጥበት ነው፤ ውሃውን ይገዛል፣ «ኧረ ይሄ አገር!» ይላል፣ ያልፋል። እኛ አናልፍም። በግንቦት ዶሮዎቻችን ክንፋቸውን ከገላቸው አርቀው፣ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚራመዱት። እንሽላሊት እንኳ ግድግዳ ላይ ስትቆም እግሮቿን በተራ ነው የምታሳርፈው።

ጋሼ ካሳሁን ያልሞከሩት የለም። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ተኙ፤ እንደ ዳቦ ቀልተው ወጡ። አንሶላ ውሃ ነክረው ለበሱ፤ አንሶላው ደረቀ፣ እሳቸው ረጠቡ። አይሱዙው ሥር ገቡ፤ ዘይት ዓይናቸው ላይ ጠብ አለ። አንድ ጊዜ ድልድዩ ሥር፣ የሮቢ ወንዝ አሸዋ ላይ ጋደም ሲሉ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ደራሽ ሆኖ መጣ፤ እሳቸው አመለጡ፣ ጫማቸው ወደ አዋሽ ወረደ።

ያልተኙ ጋሼ ካሳሁን ደግሞ የሰፈሩ አደጋ ነበሩ። ከዶሮ ጋር ይጣላሉ። የቀትር አዛን ሲሰማ «አሁን ነው እንዴ?» ይላሉ፤ የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲደወል «እናንተም ጀመራችሁ?» ይላሉ። በዚህ በኩል አድልዎ አልነበረባቸውም።

ዛፉ የመጣው በዚያ ዘመን ነው። ከየጉዞው በኋላ ካሶኒው ይጠረጋል። ጋሼ ካሳሁን የፍየሉን በጠጥ ጠርገው ጓሮ፣ አጥሩ ጥግ ይደፉታል፤ እትዬ ሐረገወይን ለጎመናቸው ማዳበሪያ ይዝቁለታል። አንድ ክረምት ከክምሩ መሀል ቀጭን ነገር ብቅ አለ። እትዬ ሐረገወይን አይተው «ግራር ነው» አሉ። በእርግጥም ግራር ይመስላል፤ ቅጠሉ ደቃቅ፣ እሾሁ ረጅም። ማንም ውሃ አላጠጣውም። የሰፈሩ ፍየል ሁሉ እየመጣ ቅጠሉን አሸተተና ትቶት ሄደ። ፍየል ትቶት የሚሄደው ነገር ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ያን ጊዜ መጠየቅ ነበረብን።

የእኛ ቆላ የራሱ ዛፎች አሉት፤ ሁሉም ቋጣሪዎች ናቸው። ግራር በበጋ ቅጠሉን ያራግፍና እሾሁን ብቻ ይዞ ይቆማል፤ ጥላውን ለማግኘት ከእሱ ጋር መዞር ያስፈልጋል። ቁርቁራ ፍሬ ይሰጣል፤ ከእያንዳንዱ ፍሬ ጋር አንድ ጭረት ይጨምራል። ሬት ውሃዋን ወፍራም ቅጠሏ ውስጥ ቆልፋ፣ ለሚቀምሳት ሁሉ እንዲመርረው አድርጋ ነው የምትቀመጠው። ቁልቋልን ለመቁረጥ የሞከረ ሰው ወተቱ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ያውቀዋል። ሁሉም ድርቅን የሚያውቁት በመቆጠብ ነው። አዲሱ ዛፍ ግን በግንቦትም አረንጓዴ ነበር። ሌላው ሁሉ ሲነጣ እሱ ለምልሞ ይታያል፤ ከየት አምጥቶ እንደሚጠጣ ማንም አልጠየቀም። ሀብታም ጎረቤት ሲመጣም እንደዚሁ ነን።

በአራተኛው ዓመት ጋሼ ካሳሁን የጠፍር አልጋቸውን ጎትተው ከሥሩ አስገቡ፣ ተጋደሙ፣ ተኙ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት አልተነሡም። እትዬ ሐረገወይን ሞተው እንደሆነ ብለው ሁለት ጊዜ አፍንጫቸው ላይ እጃቸውን አደረጉ።

ሰፈሩ ጸጥ አለ። የተኙ ጋሼ ካሳሁን ሌላ ሰው ናቸው። ሰላምታ ይመልሳሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ኳስ አጥር ሲዘል ሳይቀድዱ ይመልሳሉ። ቸርም ሆኑ፤ መከራችን የጀመረው ከዚህ ነው። ከዛፉ ሥር የሚፈለፈሉትን ችግኞች እየነቀሉ፣ አፈር በፌስታል እያደረጉ ማደል ጀመሩ። ሠርግ ሲጠሩ ችግኝ፣ አራስ ሲጠይቁ ችግኝ፣ ለዒድ ችግኝ፣ ለፋሲካ ችግኝ። «ውሃ አይፈልግም፣ ጥበቃ አይፈልግም፣ ፍየል አይነካውም» ይላሉ። ሁሉም እውነት ነው። ሰው ተቀብሎ በየቦዩ ዳር፣ በየማሾው ማሳ ጠርዝ፣ በየበረቱ ዙሪያ ለአጥር ተከለው። ጎረቤታቸው ሐምዲያ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ አራት ደረሷት።

ሐምዲያ በጋሼ ካሳሁን በዚያኛው ወገን፣ ከእሾህ አጥሩ ማዶ ነው ቤቷ። ባሏ ሙዐዊያ ሩቅ ቦታ የቀን ሥራ ላይ ነው፤ የሚመጣው ለዒድ ለዒድ ነው። ቤቱን የምታቆመው ዳለቻ የምትባል ላሟ ናት። ጠዋት ወተቱ ሻይ ቤቶች ይገባል፣ የተረፈው ለልጆቹ ነው። ሐምዲያ ቀልድ ታውቃለች፤ ስለ ላሟ ግን አትቀልድም።

ከዚያ ምን ሆነ? ዛፉ ሰፈሩን ወደደው። ፍሬው እንደ ባቄላ እሸት የረዘመ፣ ቢጫ፣ ጣፋጭ ነው፤ ቅጠሉን የናቀ ከብት ሁሉ ፍሬውን ይሻማበታል። ይበላል፣ ይሄዳል፣ ያራግፋል፣ ባራገፈበት ይበቅላል። ከርከሮ ከወንዙ ማዶ እየመጣ በልቶ ይመለሳል፤ የወንዙ ዳር በሁለት ክረምት ደን ሆነ፣ ከርከሮውም መመላለሱን ትቶ እዚያው ኖረ። ከሥሩ ሣር አይበቅልም። ሬቶቹ ገረጡ። ቆቅ ስትጮህበት የነበረው ሜዳ ውስጥ ሰው መግባት አቃተው። የጂኦግራፊ መጽሐፋችን ላይ በረሃ ማለት አሸዋ፣ አንድ ግመልና አንድ ፀሐይ ነበር። ወደ እኛ ሲመጣ ግን አረንጓዴ ሆኖ፣ በፍየል ሆድ ውስጥ፣ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ።

አፋሮች ለዚህ ዛፍ የሰጡት ስም አላቸው፤ የፖለቲካ ስም ስለሆነ እዚህ አላነሣውም። እኛ «የካሳሁን ግራር» አልነው። ቆይቶ «ግራር» የሚለው ቀረና «ካሳሁን» ብቻ ሆነ። የባጃጅ ሹፌር ጎማው ተንፍሶ ጎሚስታ ቤት ሲደርስ «ምን ሆነ?» ሲባል «ካሳሁን ወጋኝ» ይላል። ሽንኩርት አራሚ ሴቶች «ዛሬ ካሳሁንን ስነቅል ዋልኩ፣ ወገቤ ተቆረጠ» ይባባላሉ። ጋሼ ካሳሁን ይህን ሲሰሙ ጆሮ የሌላቸው መሰሉ። ችግኝ ማደሉን ግን በዚያው አቆሙ።

ባለፈው ዓመት በልጉ ቀረ። በሚያዝያ ሜዳው ላይ የሚጋጥ ነገር ስላልነበረ ዳለቻ አጥሩን ተደግፋ ከጋሼ ካሳሁን ዛፍ የሚወድቀውን ፍሬ እየለቀመች ከረመች። አንድ ጠዋት ጋሼ ካሳሁን ከመንገድ ገብተው አልጋቸው ላይ ጫማቸውን ሲያወልቁ ሐምዲያ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«እንዴት አደሩ ጋሼ?»

«ስነዳ አደርኩ። አንቺስ?»

«አልሐምዱሊላህ። ዳለቻ ግን ደህና አላደረችም። እስቲ ይዩዋት።»

ጋሼ ካሳሁን በአንድ እግር ጫማ መጥተው አዩ። የላሟ መንጋጋ ወደ ግራ ሄዷል። ምላሷ በጎን ወጥቷል፣ ልጋጓ ይወርዳል። ስታመነዥክ ግማሹ ተመልሶ መሬት ላይ ይወድቃል።

«ፊቷ ድሮም እንዲህ ነበር እንዴ?» አሉ።

«ድሮ ላም ነበረች ጋሼ። አሁን የምታሽሟጥጥ ነው የምትመስል።»

«እኔን ነው የምታየው?»

«ዛፉን ነው።»

ኢልያስ የሚባል ወጣት የግብርና ባለሙያ ተጠርቶ መጣ። ኢልያስ ሁልጊዜ ልክ ነው፤ ስለዚህ ማንም አይወደውም። የላሟን አፍ ከፈተ፣ አየ፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና «ፕሮሶፒስ ጁሊፍሎራ» አለ።

«ላሟ ዳለቻ ነው ስሟ» አሉ ጋሼ ካሳሁን።

«የዛፉን ነው ያልኩት። ፍሬው ስኳር ነው፤ ከብት ሌላ ነገር ሳይቀምስ እሱን ብቻ ሲበላ ከረመ ማለት መንጋጋው ይያዛል። ከዚያ ማመንዠክ ያቅተዋል፣ ከዚያ በረሃብ ይሞታል። ገና አልረፈደም። ገለባና ፉርሽካ ትብላ፣ ፍሬውን ግን ከእንግዲህ አትቅመስ። ዛፉ ይነቀል።»

«ዛፉማ አይነቀልም።»

«ለምን?»

«መኝታ ቤቴ ነው።»

«ቤት ውስጥ ይተኙ እንጂ ጋሼ።»

«አንተ ቆርቆሮ ሥር ቀን ተኝተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ቀን ሥራ ላይ ነኝ።»

«አውቃለሁ። ቢሮህ መጥቼ ወንበርህ ላይ ስታንኮራፋ ነው ያገኘሁህ፤ ማራገቢያው አንተ ላይ ዞሮ።»

ሐምዲያ ሳቀች፤ ወዲያው ግን ላሟን ዞር ብላ አየችና ሳቋን ዋጠች። «ጋሼ» አለች፣ «እንቅልፍዎን አልጠላም። ላሜ ከሞተች ግን ልጆቼን ምን አጠጣለሁ? አንድ ነገር ያድርጉልኝ።»

ጋሼ ካሳሁን ክፉ ሰው አይደሉም። አሰቡና መፍትሔ ያሉትን አመጡ፤ ፍሬው መሬት ላይ እንዳይገኝ እሳቸው ራሳቸው በየቀኑ እየጠረጉ ሊሰበስቡ። ዛፉን የፈለጉት ሊተኙበት ነው፤ አሁን ዛፉን ለማቆየት ሲሉ መተኛት ተዉ። ጠዋት ከመንገድ ገብተው መጥረጊያ ያነሣሉ። ይጠርጋሉ። ነፋስ ይመጣል፣ ዛፉ ይንቀጠቀጣል፣ ፍሬው እንደገና ይረግፋል። እንደገና ይጠርጋሉ። እትዬ ሐረገወይን በር ላይ ቆመው ያያሉ።

«ካሳሁን፣ ይህን ጉልበት ወጣት ሳለን የት ደብቀኸው ነበር?»

«ዝም በይ፣ አንቺ ሐረግ።»

«አንድ ቀን እንኳ ቤት ጠርገህ አታውቅም። ለላም ነው የምትጠርገው?»

«ለጎረቤት ነው።»

ይህ ሁለት ሳምንት ያህል ሄደ። አንድ ንጋት ባዶውን መኪና ይዘው የደብረ ሲናን ጠመዝማዛ ሲወርዱ ዓይናቸው ተከደነ። ሲገለጥ የፊት ጎማው ከአስፋልቱ ወጥቶ ገደሉ አፋፍ ድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ድንጋዩ ላይ የተቀመጠ ዝንጀሮ በመስታወቱ ያያቸዋል። «እሱም አልነቃነቅ አለ፣ እኔም አልነቃነቅ አልኩ» ብለው ነው ያወሩት። «በኋላ እሱ ነው የተነሣው። አስተዋይ ዝንጀሮ ነው።»

መጥረጊያውን ተዉት። በምትኩ መጥረቢያ አነሡና በሐምዲያ በኩል ያለውን ቅርንጫፍ ብቻ ቆረጡ። ዛፉን መሀል ለመሀል፣ እንደ ውርስ መሬት፣ ለሁለት ከፈሉት፤ በሐምዲያ ወገን ራቁቱን፣ በራሳቸው ወገን እንዳለ። አልጋቸውን ወደ ደህናው ጎን ጎተቱ። ኢልያስ በመንገድ ሲያልፍ አየና ቆመ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሲቆርጡት ይበዛል።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

«ሐምዲያ አራቱን ከመሬት በላይ ቆርጣቸው አሁን ዛፍ ሳይሆን ገና ፍሬ ያልያዘ ጥሻ ነው ያላት። ከአፈር በላይ ያለው ጸጉሩ ነው። የሚሞተው ከአፈር ሥር ያለው አንገቱ ሲወጣ ነው።»

«የኔንም አንገት ለካው እንግዲህ» አሉና ተኙ።

ተኙም። አራት አምስት ቀን ያህል ሁሉም ደህና ሆነ። ዳለቻ ገለባዋን በላች፤ መንጋጋዋ ባይመለስም አልባሰም። ሐምዲያ ፉርሽካውን በሞቀ ውሃ እያራሰች በእጇ ታጎርሳት ነበር። ጋሼ ካሳሁን ከአልጋቸው ላይ አንገታቸውን ቀና አድርገው «እየበላች ነው?» ይላሉ፤ ሐምዲያ «እየሞከረች ነው» ትላለች፤ ጋሼ ካሳሁን መልሰው ይጋደማሉ። ሁለቱም ወገን ያገኘ መሰለ።

የረሱት ከርከሮውን ነው። ከርከሮ ድንበር አያውቅም፤ ፍሬው የትኛው ወገን እንደሚረግፍ ግን ያውቃል። አንድ ሌሊት ጋሼ ካሳሁን መንገድ ላይ ሳሉ ከወንዙ ዳር መጣ፣ በሐምዲያ ግቢ አለፈ፣ የእሾህ አጥሩን በጥርሱ ከሥር ገለበጠና ገባ። በልቶ ወጣ። ዳለቻ የተከፈተውን በር አየች። እሷ ደግሞ በልታ አልወጣችም።

ጋሼ ካሳሁን ጠዋት ሲገቡ ላሟ አልጋቸው አጠገብ ተኝታለች። ራሷን ትራሳቸው ላይ አስደግፋለች። አፏ አልገጥም ብሎ ምላሷ አንሶላው ላይ ተዘርግቷል፤ ዙሪያዋን ያለው ፍሬ አንድ ሳይቀር ተለቅሟል። ሐምዲያ መሬት ላይ ተቀምጣ በእጇ የላሟን ጉሮሮ ታሻለች። እትዬ ሐረገወይን ውሃ ይዘው ቆመዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ጋሼ ካሳሁን።

«እኔ ለሱብሒ ሶላት ስነሣ በረቱ ባዶ ነው» አለች ሐምዲያ። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር። አልጮኸችም፣ አልሰደበቻቸውም። ቢሰደቡ የሚሻላቸው መሰለኝ።

ኢልያስ በባጃጅ መጣ። ሆዷን ደበደበ፣ ጆሮውን ጎኗ ላይ አደረገ፣ ድዷን ዳሰሰ። «አልተነፋችም» አለ። «ዛሬ አትሞትም። ግን ይህ የመጨረሻ ዕድሏ ነው። ካሁን በኋላ አንድ ጊዜ ከደገመች መንጋጋዋ እንደተቆለፈ ይቀራል። አጥር ብትሠሩ ከርከሮው ያፈርሰዋል፣ ብትጠርጉ ነፋሱ ይበትነዋል። እኔ የምለውን ብያለሁ።»

ጋሼ ካሳሁን ዛፉን ቀና ብለው አዩት። አልጋውን አዩ። ላሟን አዩ። ከዚያ ወደ አይሱዙው ሄደው ከወንበሩ ጀርባ ድጅኖውን አወጡ።

«መጀመሪያ ተኛ እንጂ» አሉ እትዬ ሐረገወይን። «ሌሊቱን ሙሉ ነድተህ።»

«የት?»

እትዬ ሐረገወይን አካፋ አመጡ።

መሬቱ ጡብ ነው። ድጅኖው ሲያርፍበት ይዘፍናል እንጂ አይገባም። ትንሽ ሲቆፈር ምስጥ ወጣ፤ ትንሽ ሲጨመር ድንጋይ ሥር ጊንጥ ጭራዋን አቅንታ ተቀበለቻቸው። ጋሼ ካሳሁን «አንቺም ቤትሽ ነው?» ብለው በአካፋ አንሥተው አጥሩ ላይ ወረወሯት፤ ወደ እኔ ግቢ ነው የወረወሯት፣ ግን ጊዜው የማማረሪያ አልነበረም። እሾሁ የበረባሶ ጫማቸውን ሁለት ጊዜ በስቶ ገባ። ተቀምጠው ነቀሉት፣ እሾሁን ተመለከቱ፣ «ካሳሁን ወጋኝ» አሉ። በራሳቸው አፍ ሲሉት የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሐምዲያ ላሟን አስነሥታ ወደ በረቷ ካስገባች በኋላ ዶማ ይዛ መጣች።

«አንቺ ተዪው» አሏት።

«ላሜ ናት ጋሼ።»

«ዛፉ የኔ ነው።»

«እንግዲያው አንቱ በዛፉ በኩል ይቆፍሩ፣ እኔ በላሜ በኩል እቆፍራለሁ።»

በሁለት በኩል ቆፈሩ። መንገደኛ በአጥሩ ላይ እያየ ያልፋል። ሽንኩርት የጫነ አንድ ጋሪ ነጂ ቆሞ፣ «ካሳሁን ካሳሁንን ሊነቅለው ነው» ብሎ ለጓደኛው ሲነግረው ሁሉም ሰሙት። ጋሼ ካሳሁን ቀና አላሉም። «ማን ያሸንፋል ብለህ ነው?» አለ ጓደኛው። «እንጃ፤ አንደኛው ሥር አለው» አለና አህያውን ነካ።

ኢልያስም ቢሮ አልሄደም። ሸሚዙን አውልቆ በጥንቃቄ አጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠና ጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ «ገና ነው፣ ዝቅ ይበል፣ ያ አንገቱ አይደለም» እያለ ሲመራ ቆየ። በመጨረሻ ጋሼ ካሳሁን ድጅኖውን እጁ ላይ አኖሩለት። «ና አንገቱን ራስህ አሳየኝ» አሉት። ለካ ጉልበትም ነበረው።

ፀሐይ ከፍ ስትል ገመድ አስረው አይሱዙው ላይ ቋጠሩና እትዬ ሐረገወይን «ቀስ! ቀስ!» እያሉ ጋሼ ካሳሁን ጎተቱ። ዛፉ አንድ ጊዜ ቋ አለ፣ አዘነበለ፣ እንደገና አሰበበት፣ ከዚያ ሽንት ቤቱ ጣሪያ ላይ ወደቀ። ግቢው በአንድ ጊዜ ነጣ። ጥላ የነበረበት መሬት እንደ ተላጨ ራስ ሆነ። አልጋው መሀል ፀሐይ ላይ ብቻውን ቀረ፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ይንጫጫ ነበር።

«ሽንት ቤቴን» አሉ እትዬ ሐረገወይን።

«እሠራዋለሁ» አሉ ጋሼ ካሳሁን።

«መቼ?»

«ስተኛ፣ ስነቃ።»

ሐምዲያ «ጋሼ፣ የዳለቻ ዳስ በአገዳ የተከደነ ነው፣ ይቀዘቅዛል። እዚያ ይጋደሙ» አለቻቸው። «ከላም ጋር?» አሉ። «እሷ ከአንቱ ጋር ተኝታ የለም እንዴ?» አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጠዋት ሳቁ፤ ግን እምቢ አሉ። ጉድጓዱ ውስጥ የቀረ ሥር እንዳለና እሱን ሳያወጡ እንደማያርፉ ተናገሩ። ኢልያስ «እሱ አይበቅልም፣ በቃ» አላቸው። አልሰሙትም። እስከ ደረታቸው በሚደርሰው ጉድጓድ ውስጥ ወረዱ።

ኢልያስ ሸሚዙን ለበሰ። ሐምዲያ የረገፈውን ፍሬ አንድ በአንድ በማዳበሪያ ከረጢት ለቀመች፤ እትዬ ሐረገወይን እያገዟት ስለ ሽንት ቤቱ አወሩ። ፍሬውን ማቃጠል እንዳለባቸው ኢልያስ ነገራቸው፤ የሚያውቁትን ነገር ስለነገራቸው ሁለቱም በአንድ ላይ አዩት። ከጉድጓዱ የድጅኖ ድምፅ መጣ፤ ቆየት ብሎ ሌላ አንድ ጊዜ ተሰማ፤ ከዚያ ቀረ።

እትዬ ሐረገወይን ሄደው ወደ ታች አዩ። ጋሼ ካሳሁን የጉድጓዱን ግድግዳ ተደግፈው፣ የአንድ ሰው ትከሻ ያህል በሆነች ጥላ ውስጥ ተቀምጠዋል። አፋቸው ተከፍቷል። አፈር ጢማቸው ውስጥ ገብቷል።

«ካሳሁን። ተነሥ፣ ሰው ሲያይ ምን ይላል? መቃብር ውስጥ የገባህ ነው የምትመስል።»

ማንኮራፋት ነው የመለሱላቸው።

«ይተዉዋቸው» አለች ሐምዲያ። ወደ ግቢዋ ተሻገረችና የደረቀ የማሽላ አገዳ በሸክም አመጣች፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ አጋድማ ደረደረችው። ፀሐይዋ እሳቸው ዘንድ መድረሷን ተወች። ከዚያ ላሟን ለማሰር ስትዞር ዳለቻ በተገለበጠው አጥር በኩል ተከትላት መጥታለች። ጉድጓዱ ጋ ደረሰች፣ አሸተተች፣ አንድ አገዳ መዘዘች። መንጋጋዋ ወደ ግራ ሄደ፣ ቆመ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። አገዳው ተሰበረ። ዋጠች። ሌላ መዘዘች።

«ጣሪያውን እየበላችበት ነው» አሉ እትዬ ሐረገወይን።

«ወላሂ እያመነዠከች ነው» አለች ሐምዲያ፤ አፏን በሻርፗ ያዘች።

«ትመልሰው እንጂ። ፀሐዩ ግንባሩ ላይ ደረሰ እኮ።»

«ሌላ አመጣለሁ። አገዳ ሞልቷል።»

ኢልያስ ባጃጅ ለመጥራት ስልኩን አወጣና ሰዓቱን ተመለከተ። ጋሼ ካሳሁን እንቅልፍ የወሰዳቸው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።